ኮከቧ ያለፈቻት ምዕራፍ

የእህቴ ባል ከሰው ጋር ከማውራት ይልቅ ከኮምፒውተር ጋር ማውራት ነው የሚቀናው። ሰው ፊት ምላሱ ይተሳሰራል፤ ሰላምታ እንኳን ከአፉ የሚወጣው ተጎትቶ ነው። ያንን ጥቁር መስኮት ከፍቶ ነጫጭ ፊደል መልቀም ሲጀምር ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ይሳደባል፣ ይለምናል፣ ያመሰግናል። አንዴ «እንዲህ ነው እንጂ የኔ ጌታ!» ሲል ሰምቼ ማን መጣ ብዬ ዞር ስል፣ ከማሽኑ በቀር ማንም የለም። እኔ በበኩሌ ማሽን የሚያባብል ወንድ አይመቸኝም። እህቴ ግን በዚሁ ነገሩ ወደደችው፤ እሷ ድሮም ምርጫዋ ለብቻው ነበር።

ሦስታችንም የምንሠራው መጻሕፍት ለዓይነ ስውራን በድምፅ በሚቀዱበት ቤት ነው። እህቴና እኔ አንባቢዎች፣ እሱ ቀጂ። በፊት የቴፕ ክር በምላጭ እየቆረጠ በፕላስተር የሚቀጥል ሰው ነበር፤ ኮምፒውተር ሲመጣ ምላጩን ጣለና ትእዛዝ መጻፍ ተማረ። የመቅጃ ክፍሉ ጠባብ ነው። ግድግዳው በስፖንጅ ተለብጧል፣ በሩ ወፍራም ነው፣ ውስጡ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ማይክሮፎንና አንዲት የእንጨት ወንበር አለ። ወንበሯ ትንሽ ሲነቃነቁባት ሲጢጥ ትላለች። እሱ በመስታወቱ ማዶ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ደፍቶ ይቀመጣል።

ዋና ሥራው ማጽዳት ነው። ሳሉ፣ የገጹ ኮሽታ፣ የወንበሯ ሲጢጥታ፣ ትንፋሹ፣ «ይቅርታ፣ ደግሜ ላንብበው» የሚለው ሁሉ ተቆርጦ መውጣት አለበት። ይህን አንድ በአንድ በእጅ መሥራት ዓይን ያፈሳል። ስለዚህ ስክሪፕት ጻፈ፤ ማለትም ኮምፒውተሩ ተራ በተራ የሚፈጽማቸውን ትእዛዞች በአንድ ፋይል አኖረ። «ማጽጃዬ» ይለዋል። ለማጽጃው የፋይል ስም ይሰጠዋል፤ ማጽጃው ፋይሉን ከፍቶ ንግግር ያልመሰለውን ሁሉ ይቆርጥና በዚያው ስም መልሶ ያስቀምጠዋል። ተቆርጦ ተቆርጦ ምንም ያልተረፈው ፋይል ከሆነ ደግሞ ጨርሶ ያጠፋዋል። ይህ ሁሉ በየማለዳው፣ ማንም ሳይነካው፣ በአንዲት ኮከብ ይታዘዛል። ኮከቧ ያቺው ስልክ ላይ የምናውቃት ምልክት ናት፤ እዚህ ግን «ያለውን ፋይል ሁሉ» ማለት ናት።

አንድ ቀን ሻይ እየጠጣን እህቴ ጠየቀችው። «ስማቸውን ሳትጽፍለት፣ በአንዲት ኮከብ ብቻ ፋይሎቹን ሁሉ እንዴት አድርጎ ያውቃቸዋል?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲጠየቅ ምላሱ ይፈታል። «ማጽጃውኮ ኮከቧን አያያትም» አላት። «በር ላይ አንድ በረኛ አለ በይ። አንቺ በረኛውን ‹ባለ ቀይ ኮፍያዎቹን ሁሉ አስገባ› ትይዋለሽ። እሱ ግቢውን ዞሮ ያይና ባለ ቀይ ኮፍያዎቹን አሰልፎ፣ ለውስጥ ሠራተኛው በየስማቸው ይጠራለታል። ሠራተኛው ‹ሁሉ› የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም። እገሌ፣ እገሌ፣ እገሌ ሲባል ብቻ ነው የሚሰማው። የመጣለትን ይሠራል።»

«ባለ ቀይ ኮፍያ አንድም ባይኖርስ?»

«እሱ ነው የሚያስቀው! በረኛው ባዶ እጁን መግባት አይወድም። የተናገርሽውን ቃል እንዳለ ሰው አስመስሎ ያስገባዋል። ሠራተኛው ታዲያ ‹ባለ ቀይ ኮፍያዎቹ ሁሉ› የሚባል ሰው ፍለጋ ይገባል። አጥቶ ‹ኮከብ የሚባል ፋይል የለም› ብሎ ይጮኻል።»

እህቴ ሻይዋ ትን እስኪላት ሳቀች። «ደህና ጅል ነው የቀጠርከው! አይቶ የሚያልፈውስ አለ?»

«ስሙ በነጥብ የሚጀምረውን ያልፈዋል። እንዲህ ያሉት ብዙውን ጊዜ የማሽኑ የራሱ ጓዳ ኮተት ናቸው። ግቢው ውስጥ ያለውን ዘርዝር ብትይውም አይነግርሽም። ነጥብ ያለውን ጭምር ብለሽ ካላዘዝሽው በቀር የለም ነው የሚልሽ።»

«እንግዲያው እኔም አንድ ቀን ነጥቤን አድርጌ ቁጭ እላለሁ» አለች።

«ለምን?»

«ከማጽጃህ ላመልጥ ነዋ!»

ሦስታችንም ሳቅን። የእሷ ሳቅ ግን ከእኛ ቀድሞ ቆመ። የተጸዳ ንባቧን ስትሰማ ፊቷን ማጨፍገግ ልማዷ ነበር። «ይህቺ ሴትዮ ማን ናት? ትንፋሽ የላትም እንዴ?» ትለዋለች። «አንተኮ ያገባሃትን ሴት አጽድተህ አጽድተህ ሌላ አደረግካት።» እሱ ይህን እንደ ሙገሳ ነበር የሚወስደው። ጥራት ነው ይላል። እውነትም ከእሱ እጅ የሚወጣ ንባብ ውሃ የመሰለ ነበር፤ እንከን አይወጣለትም። አንድ ሰው ብቻ ነበሩ ቅር ያላቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የስልክ ማዞሪያ ላይ የሠሩ፣ ዓይናቸው የማያይ ሴት ናቸው፤ እማማ ስልከኛ እንላቸዋለን። እየደወሉ «ልጄ፣ ድሮ በቴፑ ጊዜ እህትሽ ስታነብ ወንበሯ ሲጢጥ ሲል ይሰማኝ ነበር። አብሬያት የተቀመጥኩ ይመስለኝ ነበር። የት አደረሳችሁት?» ይሉኛል። እኔም ስቄ አልፋቸው ነበር።

ከዚያ እህቴ ታመመች። ሕመሙ ሳንባዋ ላይ ነው የወጣው፤ ድምፁ ሥራው የሆነ ሰው ሳንባውን ሲነካው ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልገኝም። በጊዜው አንድ ጠብደል ልብ ወለድ ይዛ ነበር፤ የቀራት የመጨረሻው ምዕራፍ ብቻ ነው። ሁለት ቃል አንብባ አራት ጊዜ ትስላለች። ባሏ ማይክሮፎኑን ዘጋባትና «ይበቃል፣ ሲሻልሽ ትጨርሺዋለሽ» አላት። ሆስፒታል ልትገባ ባለችበት ሰሞን እሱ መድኃኒት ፍለጋ ወጥቶ፣ እኔም በሌላው ክፍል የነገ ንባቤን እያጠናሁ ሳለ፣ ያንን ወፍራም በር ብቻዋን ዘግታ ስትገባ ጽዳት ሠራተኛዋ አይታታለች። ምን ስትሠራ እንደዋለች የጠየቃት የለም።

አልጋዋ ላይ ሆና እጁን ይዛ «መጽሐፉን ጨርሼዋለሁ» አለችው። «ጎበዝ» አላት፣ ለሕመምተኛ እንደሚባለው። ትኩሳቱ ነው የሚያናግራት ብሎ ነው። ብዙ ሳትቆይ አረፈች።

ወደ ሥራ ሲመለስ መጀመሪያ ያደረገው የመጨረሻውን ምዕራፍ ፎልደር መክፈት ነበር። ባዶ ነው። ኮሪደሩ ላይ አግኝቶኝ ክንዴን ጨበጠ፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«በላኋት» አለኝ።

«ማንን?»

«እውነቷን ነበር፣ ጨርሳዋለች። የቀዳችው ግን ሳል በሳል ነው የሚሆነው። ማጽጃው ማለዳ ተነሥቶ ቆረጠው፣ ቆረጠው፣ ምንም ሲያጣ አጠፋው። አጥፋ የምትለዋን መስመር የጻፍኳት እኔ ነኝ። ትታልኝ የሄደችውን ድምፅ በእጄ ጨረስኩት።»

«ጋሼ፣ ምንም ላትቀዳ ትችላለችኮ። ትኩሳት ላይ ነበረች» አልኩት። ቃሌ በአንድ ጆሮው ገብቶ በሌላው ወጣ።

ከዚያ በኋላ ያ ቤት ለእኔም ከበደኝ። ማጽጃው በየማለዳው በየፎልደሩ ይዞራል፤ ጠዋት እሱ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው የሥራውን ውጤት ነው። ይህ ጸድቷል፣ ያ ጸድቷል፣ ከዚያ የእህቴ ፎልደር ላይ ሲደርስ፣ ኮከብ የሚባል ፋይል የለም። በነጋታውም ያው፣ ኮከብ የሚባል ፋይል የለም። በረኛው ማንንም አጥቶ ባዶ ቃል ይዞ ይገባል፣ ሠራተኛው የሌለ ሰው ይፈልጋል። ፋይል ከሌለ እለፈው የሚል አንድ መስመር ቢጨምር ጩኸቱ ይቆማል፤ ይህን ለእኔ ራሱ ነው የነገረኝ። አልጨመረም። ኮቱን ሳያወልቅ ቆሞ ያነበዋል፤ አንድ ሰው በየማለዳው ስሟን እየጠራ አልመለስ ስትለው እንደሚሰማ ሆኖ። እኔ ከኋላው ቆሜ ጀርባውን ሳይ አንጀቴን ይበላዋል።

የእኔም ድምፅ አላሳረፈውም። ከእህቴ ጋር ድምፃችን አንድ ነው፤ እናታችን እንኳን ስልክ ላይ ትሳሳት ነበር። በማይክሮፎኑ «ጋሼ፣ እንጀምር?» ስለው ማዶ ካለው ወንበር ላይ ድንግጥ ይላል። ምን ላድርግ፣ ድምፄን አውልቄ ልጣል?

ይህ በእንዲህ እንዳለ አለቃችን ጠራን። ጥሩ ሰው ነው፣ ግን ሥራ ሥራ ነው የሚለው። «አሮጌው ማሽን ሊነሣ ነው፣ ያለበት ሁሉ ይጠፋል። መጽሐፉም ሳያልቅ ስንት ጊዜ ይቀመጣል? አድማጭ ይጮኽብናል። አንቺ የመጨረሻውን ምዕራፍ አንብቢው፣ ድምፃችሁ አንድ ነው፣ ማንም አይለየውም።»

ማንም አይለየውም ሲል ሆድ ባሰኝ። የእህቴ ባል ግን በእሺታ ራሱን ነቀነቀ፤ ስለዚህ እኔም መጽሐፉን ተቀበልኩ።

ከሰዓት በኋላ መቅጃ ክፍሉ ገብቼ የእህቴ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ወንበሯ ሲጢጥ አለች። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር አነበብኩ፣ ሁለተኛውን አነበብኩ፣ ቀና ስል ማዳመጫውን አውልቆ ሁለት ጆሮውን በመዳፉ ደፍኗል። ንባቡን ትቼ ወደሱ ክፍል ዞርኩ።

«ይቅርታ እህት አለም» አለኝ። «ፎልደሩን አዲስ ላድርግልሽና እንቀጥላለን። የድሮውን ላጥፋው።»

ትእዛዙን ጻፈ። ማሽኑ መለሰለት፦ ማጥፋት አይቻልም፣ ፎልደሩ ባዶ አይደለም።

እኔ ደነገጥኩ። እሱ አልደነገጠም።

«እስቲ ያለውን ዘርዝር በለው» አልኩት።

ዘርዝር አለው። ምንም አልወጣም። ዳግመኛ አጥፋ አለው። ባዶ አይደለም አለው። አዳራሽ ሙሉ ሰው እንዳለ እየነገረህ በሩን ስትከፍት ወንበር ብቻ እንደምታይ ዓይነት ነገር ነው። እሱ ግን ይህን መልስ ስንት ጊዜ እንዳነበበው ከፊቱ አየሁት። የለመደውን ነገር ነበር የሚያየው። ያኔ ያ የሻይ ቀን፣ ቀይ ኮፍያው፣ የእህቴ ሳቅ ሁሉ ትዝ አለኝ።

«ጋሼ፣ ነጥብስ?»

አጥፋ የሚለውን ትእዛዝ እንደገና መጻፍ ጀመረ።

«ጋሼ! በነጥብ የሚጀምር ፋይልስ ቢሆን?»

«አውቃለሁ» አለ። «ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ አውቃለሁ።»

ቆሽቴ አረረ። «ታውቃለህ? እያወቅክ ነው በየማለዳው እዚህ ቆመህ የምትቃጠለው? እኔንስ በእህቴ ወንበር ላይ ያስቀመጥከኝ እያወቅክ ነው? አንተ ሰው ጤና የለህም እንዴ!»

ስጮኽ ቀና ብሎ አላየኝም። «ነጥብ ያለውንም ዘርዝር ለማለት ሁለት ፊደል ነው የምጨምረው» አለ። «ጨምሬ የማሽኑ ኮተት ሆኖ ባገኘውስ? ያኔ በቃ፣ በእርግጥም በልቻታለሁ ማለት ነው። አሁን ቢያንስ አጥፋ ስለው እንቢ ይለኛል። እዚያ ውስጥ እንቢ የሚለኝ ነገር አለ።»

ቁጣዬ ከየት እንደመጣ ሁሉ ወዴት እንደሄደ አላውቅም። አጠገቡ ተቀመጥኩ። «እሷ ከሆነችስ?» አልኩት።

«ያኔማ መስማት ሊኖርብኝ ነው።»

ማሽኑ ሊነሣ ነው፣ ያለበት ሁሉ ሊጠፋ ነው። ይህን ሁለታችንም እናውቅ ነበር፤ ግን አላነሣሁበትም። ዘርዝር ብሎ ጻፈና ሁለቱን ፊደሎች ጨመረ። አንድ ስም ወጣ። ነጥብ፣ ከነጥቡ ቀጥሎ የምዕራፉ ስም፣ ሌላ ምንም። ትልቅ ፋይል ነበር። የማሽን ኮተት ያን ያህል አያክልም።

ማዳመጫውን ነቅሎ በድምፅ ማጉያው ለቀቀው። መጀመሪያ የተሰማው ወንበሯ ነበር፣ ሲጢጥ ስትል። ከዚያ ረጅም ሳል። ከዚያ እህቴ ማንበብ ጀመረች።

እንዴት እንዳነበበች ልናገር ብል አልችልም። አንድ መስመር ታነባለች፣ ትስላለች፣ ውሃ ትጠጣለች፣ ብርጭቆው ጠረጴዛውን ሲነካ ይሰማል። «ይቅርታ፣ ደግሜ ላንብበው» ትላለች፤ ማንን ይቅርታ እንደምትጠይቅ እንጃ፣ ብቻዋን ነች። አንዳንዴ ትንፋሿ ሲቆራረጥ ደረቷ ሲያፏጭ እንሰማለን። እሱ ማንኛውንም ሳል ሲሰማ ጣቱ በልማድ ወደ መቁረጫው ይሄዳል፣ መልሶ ይሰበስበዋል። እኔ አለቀስኩ። ከሰዓቱ እስኪያልቅ እንዲያ ተቀመጥን። ምዕራፉን እስከ መጨረሻው ነጥብ ድረስ አነበበችው። መጽሐፉን የዘጋችበት ኮሽታ ተሰማ። ከዚያ ድምፅዋ ተቀየረ፤ የቤቷን ድምፅ አመጣች።

«ጨረስኩልህ። እንግዲህ አንተ፣ ይህንን ለማጽጃህ ብትሰጠው ምንም አይተርፍህም፤ ሳል ብቻ ነው። ስለዚህ ነጥብ አደርግበታለሁ። ከኮከቧ የደበቅኩት እንዳይመስልህ፤ እሷ ምን ታውቃለች፣ የታዘዘችውን ነው የምትሰበስበው። ካንተ ነው የደበቅኩት። ያጸዳሃትን ሴትዮ ሰዎች በጣም ይወዷታል፣ እኔ ግን አላውቃትም። ፈልገህ ስታገኘኝ እንዳለሁ ስማኝ። በል፣ ደህና ሁን፣ በሩ እንዴት እንደሚከብድ...»

ወንበሯ ሲጢጥ አለች። እርምጃ ተሰማ። ወደ ማሽኑ ዞራ እስክታቆመው ድረስ ባዶው ክፍል ተቀድቶ ነበር፤ እሱ ያንንም አዳመጠው።

«ስትጠብቀኝ ነበር» አለ ሲያልቅ። «እኔ በልቻታለሁ እያልኩ ሳለቅስ እሷ እዚህ ቁጭ ብላ ስትጠብቀኝ ነበር።»

አለቃችን ሲሰማው ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ ቢሆንም አለቃ ነውና «ይጸዳና ይውጣ» አለ። የእህቴ ባል በዚያ ቤት ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። «አይጸዳም» አለ። አለቃው «እንዲህ እንዳለማ ላወጣው አልችልም፤ አንቺ አንብቢው» ብሎ ወደ እኔ ዞረ፤ እኔም አላነብም አልኩ። ተሟገትን፣ ተኮራረፍን፣ በመጨረሻ እንዳለ እንዲወጣ ፈቀደ።

ነጥቧን ማንሣት ቀላል ነበር፤ ስሙን ለውጦ ያለ ነጥብ መጻፍ ብቻ ነው። ግን ነጥቡ ከተነሣ ኮከቧ ታያታለች፣ በማግስቱ ማለዳም ለማጽጃው ታስረክባታለች። ስለዚህ መጀመሪያ ማጽጃውን ከማለዳ ሥራው አወጣው፤ በእጅ ካልታዘዘ አይነሣም። ከዚያ ነጥቧን አነሣና ፋይሉን ከሌሎቹ ምዕራፎች ጋር ቀላቀለው። ኮከቧን ጽፎ ዘርዝር ሲለው ምዕራፎቹ ተሰልፈው ወጡ፣ እህቴም ከሁሉም ኋላ ቆማ ተገኘች። በስሟ እየጠራ በጣቱ ነካት።

መጽሐፉ ወጥቶ ሰንበትበት ሲል እማማ ስልከኛ ደወሉ። ስለ ታሪኩ አንድም ነገር አልጠየቁኝም። «ልጄ፣ ወንበሯ ተመልሷል» አሉኝ።

ስልኩን ለእሱ ሰጠሁት። እንደ ልማዱ ይተሳሰራል ብዬ ነበር። «አዎ እማማ» አለ፣ «የእንጨት ናት፣ አንድ እግሯ ትንሽ ያጥራል፤ ልጠግናት ስል እሷ እንቢ ትለኝ ነበር» ብሎ ጀመረ፣ እንደ ጀመረም ብዙ አወራቸው። በዚያ ቤት ከሰው ጋር ያን ያህል ሲያወራ አይቼው አላውቅም።

ስልኩን ዘግቶ ወደ ጥቁሩ መስኮት ተመለሰ። አሮጌው ማሽን ገና አልተነሣም፣ አሁን ባዶ የሆነው ያ የእህቴ ፎልደርም ገና አልጠፋም ነበር። አጥፋ ብሎ ጻፈ። ማሽኑ እንቢ ሲል ነው የሚናገረው፣ እሺ ሲል ቃል የለውም። ፎልደሩ ጠፋ፣ ባዶ መስመር ወጣ። እሱ ግን መልስ ይመጣል ብሎ እንደሚጠብቅ ሰው መስመሩን እያየ ቆየ፤ እኔም ኮቴን ለብሼ በሩ ላይ ጠበቅኩት።